ስለ ይቅርታና ስለ ፍርድ፤ በበርሚንግሃም ከተማ ያለች አንዲት ቤተ ጸሎት

ግፍ የተሠራበት ሰው ሁለት ቃል ይሰማል። አንዱ «ይቅር በል» ይለዋል፤ ሁለተኛው «ፍርድህን ጠይቅ» ይለዋል። ሁለቱም ቃል ከደግ ሰው አፍ ይወጣል፤ ሁለቱም ለመልካም ነገር ይነገራል። ነገር ግን የተበደለው ሰው ሁለቱን በአንድ ልብ ይዞ ለመሄድ ሲነሣ እግሩ ይታሰራል። ይቅር ካለ በዳኛ ፊት ስለ ምን ይቆማል? በዳኛ ፊት ከቆመስ ይቅርታው ወዴት አለ? ይህን ጥያቄ ሊቃውንት በጉባኤ፥ ሽማግሌዎችም በዛፍ ጥላ ሥር ሲመላለሱበት ኖረዋል። ብዙ ጊዜ ግን መልሱ በቃል ብቻ ይቀራል፤ መከራ ያላገኘው ሰው ቃልም ቀላል ነው። ስለዚህ ጥያቄው በጡብና በመስተዋት፥ በደምም የተጻፈባትን አንዲት ቤት መመልከት ይጠቅማል። ይህችም ቤት በአሜሪካ አገር፥ በአላባማ ግዛት፥ በበርሚንግሃም ከተማ መካከል የቆመችው የ16ኛው መንገድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ናት።

በርሚንግሃም ጥንታዊ ከተማ አይደለችም። የብረት ማዕድን፥ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ በአንድ አውራጃ ስለ ተገኙ፥ ሁለት የባቡር ሐዲዶችም በዚያ ስለ ተላለፉ፥ በ1871 ዓ.ም. ብረት ለማቅለጥ ተብላ ተቈረቈረች፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። በዚያ ጊዜ ጥቍሮች ከባርነት ነጻ ከወጡ ገና ስድስት ዓመት ነበር። ብዙዎቹም ወደ ማዕድኑና ወደ እቶኑ መጥተው የቀን ሥራ ያዙ። በ1873 ዓ.ም. ከእነርሱ ጥቂቶቹ ተሰብስበው የበርሚንግሃም የመጀመሪያይቱ የጥቍሮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተባለች ማኅበር አቆሙ።

ባፕቲስት የሚባሉት ክርስቲያኖች ሥርዐት እንዲህ ነው፤ ሰው ልብ ካወቀ በኋላ በገዛ አፉ እምነቱን ሲመሰክር ይጠመቃል፤ እያንዳንዱም ማኅበር ራሱን ያስተዳድራል እንጂ ከበላዩ ሆኖ የሚያዝዘው ጳጳስ የለውም። ሰባኪውን የሚመርጥ፥ መሬቱን የሚገዛ፥ ግንቡን የሚያስገነባ ማኅበሩ ራሱ ነው። ትናንት እንደ ከብት ይሸጥ የነበረ ሰው ዛሬ መሬት ገዝቶ ስሙን በውል ላይ ሲያስጽፍ፥ ከመሬቱ ስፋት ይልቅ የነገሩ ትርጓሜ ይበልጣል።

ማኅበሩ በመጀመሪያ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዛወር ቈይቶ፥ በ1884 ዓ.ም. በሰባኪው በዊልያም ፔቲፎርድ ዘመን፥ ቤቲቱ ዛሬ ባለችበት በ16ኛው መንገድና በ6ኛው ጎዳና ማዕዘን ላይ የጡብ ቤተ ክርስቲያን ሠራ። ፔቲፎርድ ጸሎትን ከኑሮ የማይለይ ሰው ነበርና በ1890 ዓ.ም. ለጥቍሮች የገንዘብ ማጠራቀሚያ ባንክ አቋቋመ፤ ስሙም ከሳንቲም ተወስዶ የአላባማ የሳንቲም ቍጠባ ባንክ ተባለ። በ1908 ዓ.ም. ግን የከተማው ሹማምንት ሕንፃው የማይረባ ነውና ይፍረስ ብለው አዘዙ። ሰው በላቡ ያሠራው ቤት በሌላ ሰው ትእዛዝ ሲፈርስ ማየት መራራ ነገር ነው። ማኅበሩ ግን ከፊተኛው የሚበልጥ ቤት ለመሥራት ተነሣ።

አዲሱን ሕንፃ የነደፈው ዋላስ ሬይፊልድ የሚባል ጥቍር መሐንዲስ ነው። እርሱም በጆርጂያ ግዛት ተወልዶ፥ በሆዋርድ፥ በፕራትና በኮሎምቢያ ትምህርት ቤቶች ተምሮ፥ ቡከር ዋሽንግተን በታስኪጊ ባቆመው ትምህርት ቤት የንድፍ መምህር ሆኖ ካገለገለ በኋላ ወደ በርሚንግሃም መጥቶ ተቀመጠ። ሥራውን የተቋረጠው ቶማስ ዊንድሃምም እንዲሁ ጥቍር ነበረ። ቤቲቱ በ1911 ዓ.ም. ተፈጸመች፤ ወጪዋም 26 ሺህ ዶላር ሆነ።

የሕንፃው አሠራር ሁለት ጥንታዊ ሥልቶችን ያስማማ ነው። ከምዕራቡ ዓለም ሮማነስክ የሚባለውን፥ ይኸውም ወፍራም ግድግዳና ክብ ቅስት ያለውን፥ ከምሥራቁም ከቍስጥንጥንያ የወጣውን የጉልላት አሠራር ወስዷል። በፊት ለፊቷ በቀኝና በግራ ሁለት ረጃጅም ግንቦች ቆመዋል፤ እነርሱም ሾጣጣ ጉልላት ደፍተዋል። ከጸሎቱ አዳራሽ በላይ ደግሞ ሌላ ጉልላት ተቀምጧል። ከመንገዱ ተነሥቶ ወደ በሩ የሚያደርስ ሰፊ ደረጃ አላት፤ ከጸሎቱ አዳራሽ በታች ሌላ ሰፊ የመሰብሰቢያ አዳራሽ፥ በአጠገቡም ሕፃናት የሚማሩባቸው ክፍሎች ያሉበት ምድር ቤት አላት።

የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እንዲፈልግ፥ ይህችንም ቤት የሚያይ ሰው ከጡቡ አልፎ ሊመለከት ይገባዋል። ሰሙ ግንብ፥ ጉልላትና ደረጃ ነው። ወርቁ ግን ይህ ነው፤ በዚያ ዘመን በበርሚንግሃም ጥቍር ሰው ከነጭ ጋራ በአንድ ጠረጴዛ አይበላም፥ በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም፥ በባቡርና በአውቶቡስም ከተከለለለት ስፍራ በቀር አይቀመጥም ነበር። ዝቅ ብለህ ተቀመጥ የተባለ ሕዝብ በከተማይቱ መካከል ሁለት ግንብ ወደ ሰማይ ሲያቆም፥ እኔም ሰው ነኝ ብሎ ያለ ድምፅ መናገሩ ነው። ሰፊው ደረጃም ለማንም ያልተከለለ መውጫ ሆነ።

ምድር ቤቱም የራሱ ትርጓሜ ነበረው። የከተማው አዳራሾች ለጥቍሮች ዝግ ስለ ነበሩ፥ ትምህርት፥ ሙዚቃ፥ ምክርም የሚደረገው በዚህች ቤት ነበር። ታላቁ ሊቅ ዱ ቦይስ፥ የትምህርት እናት የነበረችው ሜሪ ማክላውድ ቤቱን፥ ዘፋኙ ፖል ሮብሰንም በዚህች ቤት ለሕዝብ ታይተዋል። በ1963 ዓ.ም. በግንቦት ወር የመለያየትን ሕግ ለመቃወም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው በዚህች ቤት ተሰበሰቡ፤ ከደጇም ተነሥተው እየዘመሩ ወደ ከተማው ሄዱ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ መቶ ልጆች ታሰሩ። በማግሥቱ በቤቲቱ ፊት ለፊት ባለው በኬሊ ኢንግራም መናፈሻ አካባቢ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በቧንቧ ውኃ መቷቸው፤ ፖሊሶችም ውሾች ለቀቁባቸው። የዚያ ቀን ሥዕል በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ታየ። በዚያው ወር ውስጥ የከተማው ነጋዴዎች መለያየቱን ለማስቀረት ከጥቍሮቹ መሪዎች ጋራ ተስማሙ።

ልጆች ያስጀመሩት ነገር ልጆችን አስከፈለ። መስከረም 15 ቀን 1963 ዓ.ም. እሑድ ነበረ፤ በቤቲቱም የወጣቶች ቀን ይከበር ነበር። የዚያ ቀን የሰንበት ትምህርት ርእስ ይቅር ስለሚል ፍቅር ነበር። ከጥዋቱ በአራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ላይ በጐን ካለው ደረጃ ሥር ተሸሽጎ የነበረ ድማሚት ፈነዳ። በምድር ቤቱ ክፍል ነጭ ልብሳቸውን ያሰናዱ የነበሩ አራት ልጃገረዶች ሞቱ። እነርሱም አዲ ሜይ ኮሊንስ፥ ሲንትያ ዌስሊ፥ ካሮል ሮበርትሰንና ዴኒስ ማክኔር ናቸው። ሦስቱ የ14 ዓመት፥ ዴኒስ የ11 ዓመት ልጆች ነበሩ። ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች ቈሰሉ፤ ከእነርሱም አንዷ የአዲ ሜይ ታናሽ እኅት ሣራ ስትሆን፥ የመስተዋት ስባሪ አንድ ዐይኗን አጠፋባት። የቤቲቱም ሰዓት በዚያው ደቂቃ ቆመ። ክርስቶስ ከተሣለበት መስተዋት ላይ ፊቱ ብቻ ተነቅሎ ወደቀ፤ የቀረው ሥዕል በመስኮቱ ውስጥ ቆሞ ተገኘ።

እንግዲህ ከላይ የተነሣው ጥያቄ በዚህ ቀን ሥጋ ለበሰ። ስለ ይቅርታ የተዘጋጀ ትምህርት በአንድ ወገን፥ የአራት ሕፃናት ሬሳ በሌላ ወገን ሆነ። ከፍርስራሹ ፊት የቆመው ሕዝብ በቍጣ ሲንቀሳቀስ ሰባኪው ጆን ክሮስ ወደ ቤታችሁ ግቡ እያለ ለመነው። በዚያው ቀን ግን በዚያችው ከተማ ሌሎች ሁለት ጥቍር ልጆች ተገደሉ፤ አንዱን ፖሊስ፥ ሁለተኛውን ነጭ ወጣት በጥይት መታው። የሰባኪው ልመና ከፍርሃት የወጣ እንዳይመስል ይህን ማስተዋል ይገባል። ደም ደምን እንደሚጠራ ያወቀ ሰው፥ የሚቀጥለው ሬሳም ከገዛ መንጋው እንደሚሆን ያየ ሰው፥ በቀልን መከልከሉ ጥበብ ነው።

ነገር ግን በቀልን መከልከልና ፍርድን መተው አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። በቀል የተቈጣ ሰው እጅ ነው፤ ፍርድ ግን የማኅበር ሁሉ ዐይን ነው። በቀል በበደለኛው ፈንታ ዘመዱንም ጎረቤቱንም ይመታል፤ ፍርድ ማን እንደ በደለ ለይቶ ይጠይቃል። የተበደለ ሰው በቀልን ሲተው ከልቡ መርዝ ያወጣል፤ ሕዝብ ፍርድን ሲተው ግን መርዙን ወደ ጕድጓዱ ውኃ ይጥላል።

ደግሞ ይቅርታ የማን ገንዘብ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰው የራሱ ያልሆነውን ሊመጸውት አይችልም። ዐይኗ የጠፋባት ሣራ ስለ ዐይኗ ይቅር ልትል ትችላለች፤ ልጁ የሞተችበት አባት ስለ ልቡ ኀዘን ይቅር ሊል ይችላል። ድማሚቱ ያልነካው ሹም፥ መዝገቡን የዘጋ መርማሪ፥ ነገሩ ይረሳ የሚል ጎረቤት ግን ይቅር አልሁ ቢል የሌላውን ሰው ገንዘብ በልግስና መስጠቱ ነው። ባለ ደሙ ሳይጠየቅ ስለ ደሙ የሚታረቅ ሽማግሌ የሚያስታርቀው ራሱን ከምቾቱ ጋራ ነው።

በበርሚንግሃምም የሆነው ይህ ነው። ድማሚቱን ያኖሩት ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጮች ማኅበር ሰዎች ነበሩ። በ1963 ዓ.ም. ከእነርሱ አንዱ ሮበርት ቻምብሊስ ድማሚት በመያዝ ብቻ ተከስሶ 100 ዶላር ተቀጣ፤ የስድስት ወር እስራትም ተፈረደበት። በ1965 ዓ.ም. የፌዴራሉ የወንጀል መርማሪዎች የአራት ተጠርጣሪዎችን ስም ያውቁ ነበር፤ ሆኖም በ1968 ዓ.ም. ማንም ሳይከሰስ መዝገቡ ተዘጋ። በኋላ የአላባማ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢል ባክስሊ ነገሩን እንደገና አንሥቶ በ1977 ዓ.ም. ቻምብሊስ በነፍስ ግዳይ ተፈረደበት። ቶማስ ብላንተን በ2001፥ ቦቢ ፍራንክ ቼሪም በ2002 ዓ.ም. ተፈረደባቸው። በብላንተን ላይ ከቀረበው ማስረጃ አንዱ በ1964 ዓ.ም. በስውር የተቀዳ የገዛ ድምፁ ነበር፤ ያም ድምፅ ዳኞች እስኪሰሙት ድረስ ሠላሳ ሰባት ዓመት በዝምታ ኖረ። አራተኛው ተጠርጣሪ ኸርማን ካሽ በ1994 ዓ.ም. ሳይከሰስ ሞተ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ሠላሳ ስምንትና ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ ሽማግሌን ማሰር ምን ይጠቅማል? የሞቱት አይነሡ፤ ሽበት ያወጣውም ሰው ድማሚት አያኖር፤ ታዲያ ይቅርታ ይሻል አልነበረምን? ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለምና በችኮላ ሊመለስ አይገባም። የሽማግሌው መታሰር ለማንም ደስታ አልሆነም፤ ሊሆንም አይገባም። ፍርድ ግን የሚናገረው ለበደለኛው ብቻ አይደለም። ለሞተችው ልጅ፦ ሕይወትሽ ክብደት ነበረው፥ ዋጋሽም 100 ዶላር አይደለም ይላታል። ሌላ ድማሚት በልቡ ለሚያሰናዳውም ሰው፦ ዘመን መጋረጃ አይሆንህም ይለዋል። ከዚህም ሌላ፥ ስሙ ያልተጠራ በደል ይቅር ሊባል አይችልም። ማን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ ይቅር ተባለ ማለት ቍስሉን ሳያጥቡ በጨርቅ መሸፈን ነው፤ ከላይ ንጹሕ ይመስላል፥ ከታች ግን ይመግላል። ዳኛ የበደሉን ስም ሲጠራ ለይቅርታ መንገድ ይጠርጋል እንጂ መንገዱን አይዘጋበትም።

ስለ ሕንፃውም ነገር እንዲሁ ነው። ቤቲቱ ከፈረሰች በኋላ ከልዩ ልዩ አገር ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ርዳታ መጣ፤ ማኅበሩም ግድግዳውን ጠግኖ ሰኔ 7 ቀን 1964 ዓ.ም. ተመልሶ ገባባት። ባለቤቶቿ እንደ ቀድሞው አድርገው መልሰው፥ ስብራቱ የነበረበት እንዳይታወቅ ሊያደርጉ ይችሉ ነበር። ፍርስራሹን እንዳለ ትተው የጥላቻ መታሰቢያ ሊያደርጉትም ይችሉ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም፤ ቤቱን ጠገኑ፥ ምልክቱንም አኖሩ።

ያ ምልክት የመጣው ከሩቅ ነው። በብሪታንያ በዌልስ አገር ጆን ፔትስ የሚባል የመስተዋት ሠዓሊ የልጆቹን ሞት በሰማ ጊዜ፥ እጄ የሚያውቀው መስተዋት መሥራት ነውና መስኮት ልስጣቸው ብሎ ዐሰበ። በዚያ አገር ያለ ዌስተርን ሜይል የተባለ ጋዜጣም ለሕዝብ አስታውቆ ገንዘብ አሰባሰበ። ማንም ሰው ከግማሽ ክራውን በላይ እንዳይሰጥ ተወሰነ፤ ግማሽ ክራውን ያን ጊዜ ተራ ሰው ሁሉ ሊሰጠው የሚችል አነስተኛ ገንዘብ ነበር። እንዲህ የሆነበት ምክንያት አንድ ባለጠጋ ዋጋውን ብቻውን ከፍሎ ስጦታውን የራሱ እንዳያደርገው ነው። ልጆችም ሳንቲማቸውን አመጡ። በዚህ ዐይነት መስኮቱ በ1965 ዓ.ም. ከቤቲቱ ዋና መግቢያ በላይ ቆመ። ፔቲፎርድ በሳንቲም ላይ ባንክ እንዳቆመ፥ የማያውቋቸው ሰዎችም በሳንቲም መስኮት አቆሙላት።

በመስኮቱ ላይ የተሣለው ክርስቶስ ጥቍር ነው። ራሱን አዘንብሏል፥ እጆቹንም ዘርግቷል። ከሥዕሉ ጋራ የተጻፈው አጭር ቃል ለታናናሾች የተደረገው ሁሉ ለእርሱ እንደ ተደረገ የሚያስታውስ ነው። ሠዓሊው ሁለቱን እጆች በአንድ ዐይነት አልሠራቸውም። ቀኝ እጁ ጥላቻንና ግፍን ይገፋል፤ ግራ እጁ ይቅርታን ይዘረጋል። በዚህ ሥዕል የጥያቄው መልስ አለ። አንዱ እጅ ሌላውን አይቈርጠውም፤ ሁለቱም ከአንድ ትከሻ፥ ከአንድ ልብ ይወጣሉ። የሚገፋው እጅ ባይኖር የተዘረጋው እጅ ለግፈኛ የሚሰጥ ግብር በሆነ ነበር፤ የተዘረጋው እጅ ባይኖር የሚገፋው እጅ ዱላ በሆነ ነበር። ይቅርታ የሚተወው በቀልንና ጥላቻን ነው፤ እውነትን ግን አይተውም።

ሆኖም በመስኮቱ ውበት ተደስቶ ነገሩን መፈጸም አይገባም። ዓመቶቹን የሚቈጥር ሰው አንድ የሚያሳፍር ነገር ያገኛል። የቤቲቱ ግድግዳ በዘጠኝ ወር ተጠግኖ ተከፈተ፤ መስተዋቱ በሁለት ዓመት ደረሰ፤ ስለ ነፍስ ግዳዩ የመጀመሪያው ፍርድ ግን ዐሥራ አራት ዓመት፥ የመጨረሻውም ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ። ጡብ ከሕግ ይልቅ ፈጥኖ ይጠገናል። መልካም ሰዎች ስጦታ ሲሰጡ፥ ሹማምንት ስጦታውን አይተው ዕዳው የተከፈለ ሊመስላቸው ይችላል። ስጦታ ግን ያዘነውን ያጽናናል እንጂ የዳኛውን ወንበር አይተካም። ሣራ ኮሊንስ ከአላባማ ግዛት አስተዳዳሪ የይቅርታ ልመና ደብዳቤ የደረሳት በ2020 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ከፍንዳታው ሃምሳ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ይቅር በይ ሲባሉ የኖሩት የተጎዱት ነበሩ፤ ይቅር በሉን ማለት የነበረባቸው ግን ይህን ያህል ዘገዩ።

ቤቲቱ በ2006 ዓ.ም. ብሔራዊ የታሪክ ቅርስ ተብላ ተመዘገበች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፕሬዚዳንቱ ዐዋጅ በከተማው መካከል ለሲቪል መብት ትግል መታሰቢያ የተከለለው ስፍራ ክፍል ሆነች። ነገር ግን ክብሯ ከመዝገብ አልመጣም። ማኅበሯ ዛሬም ይጸልይባታል፤ ልጆችም በሬይፊልድ ደረጃ ይወጣሉ። ከመግቢያዋ በላይ ያለው መስኮትም ሁለቱን እጆቹን እንደ ዘረጋ ነው። ግፍ የደረሰበት ሰው ሁለቱን ቃል ሰምቶ እግሩ ሲታሰር ይህን ያስብ፤ በግራ እጁ ይቅርታን ለመስጠት በቀኙ የያዘውን እውነት መጣል የለበትም። ግፍ ያልደረሰበት ሰው ደግሞ ከማስተማሩ በፊት ራሱን ይጠይቅ፤ ይቅር በል እያለ የሚመክረው ለተበደለው ዕረፍት ነውን፥ ወይስ ለገዛ ራሱ እንቅልፍ?